ሲሊንደሩን መሸጥ ይሻላል? ከጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ መዞር በአዲስ አበባ ዳርቻ

የህዳሴ ግድብ ጷጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሃያ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ሁለቱ ዜናዎች በላይ በላዩ ሲመጡ የወጥ ቤት ወሬም ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ከእንግዲህ መብራት እንደ ልብ ነው፤ ሲሊንደሩን ሸጠን ስቶቭ እንግዛ» ይላል። ሌላው «የራሳችን ጋዝ ወጣ፤ ትንሽ ብንታገስ ይረክሳል» ባይ ነው።

ሁለቱም ቸኩለዋል። የካሉብ ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ጋዝ አይደለም። የህዳሴ ኃይልም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ሰበታ ያለ ወጥ ቤት ለመድረስ በጠባብ በር ማለፍ አለበት። በሩ ግድቡ ጋ ሳይሆን ሰፈሩ ውስጥ ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦና ቆጣሪው ናቸው። ወደ ኤሌክትሪክ መዞር ያዋጣል ወይ ለሚለው መልሱ የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው።

«ጋዝ» ስንል የትኛውን ነው?

በአዲስ አበባ «ጋዝ» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይሸከማል። የመጀመሪያው ነጭ ጋዝ ነው፤ ላምባ የሚሉትም አሉ። በሊትር የሚገዛ ፈሳሽ ነዳጅ ነው።

ሁለተኛው በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ነው። በውስጡ ቡቴንና ፕሮፔን የሚባሉ ጋዞች አሉ። ሁለቱም መጠነኛ ግፊት ካገኙ ፈሳሽ ይሆናሉ። ተራ በሆነ የብረት ዕቃ ታሽገው፣ በባጃጅ ተጭነው ሰው ቤት የሚገቡት በዚህ ጠባያቸው ነው።

ሦስተኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን ይባላል። ካሉብ ላይ የሚመረተው ይኸኛው ነው። ሚቴንን ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የሚጓጓዘውም ቅዝቃዜውን ጠብቆ በሚይዝ ልዩ ቦቴ ነው። ወጥ ቤት ጥግ ላይ ያለው ሲሊንደር ይህን ሊይዝ አይችልም። ሚቴን ቤት ውስጥ የሚነድባቸው አገሮች ከመንገድ ሥር የተዘረጋ የቧንቧ መረብ አላቸው። አዲስ አበባ ይህ የላትም። ከጉድጓዱ አብሮ የሚወጣ ቡቴንና ፕሮፔን ተለይቶ ከታሸገ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። ያ ግን ሌላ የማጣሪያ ሥራ፣ ሌላ መሙያ ጣቢያና ሌላ ጊዜ ይጠይቃል።

ስለዚህ ቡታ ጋዝ ለጊዜው ያው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በነዳጅ ላይ የነበረው ድጎማም ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ነው። የጋዝ ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚሄድበት ምክንያት በቅርቡ አይታይም። እስከዚህ ድረስ «ወደ ኤሌክትሪክ እንዙር» የሚለው ወገን ልክ ነው።

ኃይሉ ሆለታ ደርሷል

የህዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ኃይሉ በ500 ሺህ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል አልፎ ሆለታ ካለው ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርሳል። ሆለታ ማለት ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ አምቦ መንገድ ላይ ነው። ግድቡ ጉባ ቢሆንም ኃይሉ የሚራገፈው እዚሁ ደጃፋችን ነው። ታዲያ ቡራዩ ውስጥ መብራት ለምን ይደክማል?

ከሆለታ በኋላ ያለው መንገድ ሌላ ስለሆነ ነው። ያ ሁሉ ቮልት በየጣቢያው እየተቀነሰ ይመጣል። በመጨረሻ በሰፈር ምሰሶዎች ላይ 15 ሺህ ቮልት ሆኖ ይደርስና ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት ይወርዳል። ኃላፊነቱም የተከፈለ ነው። ማመንጨትና በትልቁ መስመር ማድረስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ነው። ለቤት ማከፋፈሉ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። ዜና ላይ የምንሰማው የሜጋዋት ቁጥር የመጀመሪያውን የሚመለከት ነው። ወጥ ቤታችን የሚጠብቀው ሁለተኛውን ነው።

በትራንስፎርመሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። በሰፈር ምሰሶ ላይ ከሚሰቀሉት መጠኖች አንዱ 315 ኬቪኤ የሚባለው ነው። ኬቪኤ ትራንስፎርመሩ በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለውን ጭነት የሚለካ ነው፤ ለምድጃና ለምጣድ ሲሆን ከኪሎዋት ጋር እኩል አድርገን ብንወስደው አንሳሳትም። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። 315ን ለ3.5 ስናካፍል 90 ይወጣል። ይህ ማለት ዘጠና ምጣድ በአንድ ሰዓት ከተጣደ ትራንስፎርመሩ ሞልቷል። ለአምፖል፣ ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን የሚተርፍ ነገር የለም።

አንድ ትራንስፎርመር ሁለት መቶ ቤት ቢይዝ ይህ ሁሌ ችግር አይፈጥርም። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት አይጋግርም። የዘርፉ ባለሙያዎችም ሲያቅዱ የሚተማመኑት በዚህ ነው። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ያበራል፤ ጭነቱ ይበታተናል ይላሉ። ወጥ ግን እንደ እንጀራ አይደለም። እንጀራ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ይጋገራል፤ ቀኑንም መምረጥ ይቻላል። ራት የሚሠራው ግን በየቀኑ፣ ከሥራ ከተመለሱ በኋላ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከመሀል ከተማ በታክሲና በአውቶቡስ ወደ ዳር የሚመለሰው ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ቤቱ ይገባል፤ በአንድ ሰዓት ድስት ይጥዳል። ሁለት መቶው ቤት ሁሉ ጋዙን ትቶ 1.5 ኪሎዋት ስቶቭ ቢያበራ 300 ኪሎዋት ነው። ትራንስፎርመሩ በስቶቭ ብቻ ሞላ ማለት ነው። አንድ ቤት ብቻውን ሲዞር ማንም አያስተውለውም። ሰፈሩ በሙሉ ሲዞር ግን ፊውዙ ይቃጠላል።

ቋንቋችን ራሱ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ኤሌክትሪክን እስካሁን «መብራት» እንለዋለን። መጀመሪያ የመጣው ለብርሃን ነበርና። አሁን ያንኑ መስመር ብርሃን ብቻ ሳይሆን ሙቀት እንዲሸከም ነው የምንጠይቀው። አንድ ምጣድ የሚጎትተው የሦስት መቶ ሃምሳ አምፖሎችን ያህል ነው፤ ዛሬ የሚሸጠውን ባለ 10 ዋት አምፖል ከወሰድን።

ምጣዱ ለምን አይግልም?

በዳርቻው ሰፈሮች የሚሰማው ትልቁ ስሞታ የመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም። «መብራት አለ፤ ግን ምጣዱ አይግልም» የሚለው ነው። ይህ ምኞት ወይም ጥርጣሬ ሳይሆን የሚሰላ ነገር ነው።

ምጣድና ተራ ስቶቭ ውስጥ ያለው ሽቦ የሚሰጠው ሙቀት በቮልቱ ልክ አይቀንስም። ከዚያ ይብሳል። ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲወርድ ሙቀቱ ወደ ሃያ በመቶ ይወርዳል። 220 ቮልት ሲያገኝ 3.5 ኪሎዋት የሚሰጥ ምጣድ በ180 ቮልት የሚሰጠው 2.3 ኪሎዋት ብቻ ነው። አንድ ሦስተኛው ሙቀት ጠፋ። እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ሊጥ ሊጥ ይላል። በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቀው ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ሦስት ሰዓት መፍጀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሁሉም ሰው ረዥም ሰዓት ሲጋግር፣ በአንድ ጊዜ የሚጣዱት ምጣዶች ይበዛሉ። ያን ጊዜ ቮልቱ ይብስ ይወርዳል። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚታየው ይኸው ነው።

ቮልት የሚጠፋው በመንገድ ላይ ነው። ሽቦ ሲረዝምና ሲቀጥን ይበላዋል። ከትራንስፎርመሩ ርቆ ያለ ቤት ሁሌም የሚተርፈውን ነው የሚያገኘው። የባሰው ደግሞ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ቤት ነው። አዲስ በሚሰፈርባቸው ቦታዎች ከጎረቤት ቆጣሪ ሽቦ ስቦ መጠቀም የተለመደ ነው። ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ በ1.5 ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ምጣድ ብንሰካ፣ በመንገድ ላይ ብቻ 18 ቮልት ገደማ ይቀራል። የጠፋው ቮልት የትም አልሄደም፤ ወደ ሦስት መቶ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሆኖ ሽቦውን እያሞቀ ነው። ሽቦው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በእንጨት ግድግዳ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ወሬው የምጣድ መሆኑ ይቀርና የእሳት ይሆናል።

ስታቢላይዘር መፍትሔ ይመስላል። ለአንድ ቤት ይሠራልም። ነገር ግን ስታቢላይዘር ኃይል አይፈጥርም። የጎደለውን ቮልት ለማካካስ ከመስመሩ ተጨማሪ ጅረት ይስባል። የዚያኛው ቤት ምጣድ ሲግል የጎረቤቱ ይበርዳል። ሁሉም ስታቢላይዘር ቢገዛ መስመሩ ከነበረበት ይብሳል።

ሂሳቡ

ጋዝ ይረክሳል ወይስ መብራት? ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን እዚህ መጻፍ ብዙም አይጠቅምም። ስሌቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ጥያቄውን በራስ መመለስ ይቻላል።

አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ውስጥ ወደ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት አለ። ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪው የሚቆጥረው መለኪያ ነው፤ የ1,000 ዋት ስቶቭ አንድ ሰዓት ሲበራ የሚፈጀው ማለት ነው። የጋዙ ሙቀት ግን ሁሉም ድስት ውስጥ አይገባም። ግማሽ ያህሉ በድስቱ ጎን አልፎ ወጥ ቤቱን ያሞቃል። የሚጠቅመን 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ተራ ስቶቭ ከሚወስደው ኃይል ሰባ በመቶ የሚሆነውን ወደ ድስቱ ያደርሳል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ጋዝን ሥራ ለመሥራት ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ፣ በኋላ የምንመለስበት፣ ሰባት ተኩል ይበቃዋል።

እንግዲህ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋን ለዘጠኝ ማካፈል ነው። የሚመጣው ቁጥር ለኪሎዋት ሰዓት ከምንከፍለው ከበለጠ መብራቱ ይረክሳል። 12 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር የሚሠራውን ሥራ ለመተካት ከ90 እስከ 110 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። በዛሬው የገበያ ሁኔታ ለአብዛኛው ቤት ስሌቱ ወደ መብራት ያደላል፤ ብዙ ጊዜ በሰፊው።

ይሁን እንጂ ለኪሎዋት ሰዓት የምንከፍለው አንድ ዋጋ አይደለም። የቤት ታሪፍ እርከን አለው። እስከ 50፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ እስከሚለው ድረስ ይሄዳል። ብዙ የተጠቀመ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ አራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል። ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ይከፈል የነበረበት ዘመን አልፏል። የዛሬን የመብራት ዋጋ ብቻ አይቶ ምድጃ የሚገዛ ሰው የሁለት ዓመት በኋላውን ረስቷል።

አንድ ቤት እናስብ። ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል እንበል። ምጣድ በሳምንት ሁለቴ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ከተጣደ በወር 45 ገደማ ይጨምራል። ድምሩ 105 ሆነ። በወር አንድ ሲሊንደር የሚጨርስ ከነበረና ኢንዳክሽን ከገዛ 90 ይደመርበታል። 195። ከ200 በታች ነው፤ ለጥቂት። በዓል ያለበት ወር ላይ፣ ዶሮ ወጡም ዳቦውም ሲመጣ፣ እርከኑን ተሻገረ ማለት ነው።

አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ

ይህ የእርከን ጉዳይ ግቢ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው የተለየ መልክ አለው። ብዙም ሲነገርለት አይሰማም። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው።

እርከኑ የሚቆጥረው ቆጣሪውን ነው። ከቆጣሪው ጀርባ ስንት ቤተሰብ እንዳለ አያውቅም። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ቢኖርና እያንዳንዱ 80 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ቢጠቀም፣ ቆጣሪው 400 ያሳያል። እያንዳንዱ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው በዝቅተኛው እርከን አካባቢ ይከፍል ነበር። አሁን ግን የሚከፍለው እንደ ሀብታም ቤት ነው። ለአነስተኛ ተጠቃሚ የታሰበው የዋጋ ቅናሽ ከቆጣሪው አልፎ አንድ ክፍል ቤት ለተከራየችው እናት አይደርስም።

አከራዩም የራሱ ምክንያት አለው። ከአምስቱ አንዱ ስቶቭ ቢያመጣ ሂሳቡን ማን ይክፈል? ጭቅጭቁን ለመሸሽ «ስቶቭም ምጣድም አይቻልም» ብሎ ያከራያል። ደላላውም ይህን አስቀድሞ ይናገራል። በዚህ ላይ የግቢው ሽቦ ለአምስት ምድጃ የታሰበ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ መዞር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ሰው፣ በየቀኑ ጥቂት ከሰልና ጥቂት ነጭ ጋዝ እየገዛ የሚኖረው፣ ውሳኔው በእጁ አይደለም። ኮንዶሚኒየም ያለው በዚህ በኩል ይሻላል። ቆጣሪው ለየብቻ ነውና።

ትንሽ የቆጣሪ ማከፋፈያ፣ ማለትም እያንዳንዱ ክፍል የፈጀውን ለብቻ የሚያሳይ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ጭቅጭቁን ያበርዳል። እርከኑን ግን አያስተካክልም።

የትኛው ምድጃ፣ የትኛው ድስት

ሦስት ዓይነት አለ። ቀዩ ሽቦ የሚታይበት ወይም ጥቁር ሰሃን ያለው ተራ ስቶቭ አንደኛው ነው። ርካሽ ነው፣ ይጠገናል፣ ድስት አይመርጥም። ሁለተኛው ኢንፍራሬድ የሚሉት ነው፤ ከመስታወት መሰል ገጹ ሥር ሽቦው ይቀላል። ይህም ድስት አይመርጥም፤ ፍጆታውም ከተራው ብዙ አይለይም። ከላይ ሲታይ ኢንዳክሽን ስለሚመስል ሱቅ ላይ የሚሳሳቱ አሉ።

ሦስተኛው ኢንዳክሽን ነው። ከገጹ ሥር ያለ የመዳብ ጥቅል የሚለዋወጥ መግነጢስ ይፈጥራል። መግነጢሱ የድስቱን ቂጥ ራሱን ያግለዋል። ምድጃው ሳይሆን ድስቱ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ ይፈጥናል፤ ኃይልም ይቆጥባል። የሚሠራው ግን ማግኔት የሚይዘው ድስት ላይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አስቂኝ ነገር አለ። «ብረት ድስት» ብለን የምንጠራው አብዛኛው ዕቃ ብረት አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አይዘውም። ሸክላ ድስትና ጀበናማ ጭራሽ አይሆንም። ሱቅ ከመሄድ በፊት ከፍሪጅ በር ላይ ያለችውን ማግኔት ነቅሎ በቤት ያለውን ድስት ሁሉ ቂጡን መፈተሽ ነው። የማይዝ ከበዛ የምድጃው ዋጋ ላይ የድስት ዋጋ ይደመር።

ቁሌትም የራሱ ጠባይ አለው። ሽንኩርት ሳያር፣ ቀስ ብሎ፣ ረዥም ሰዓት መቁላላት ይፈልጋል። ስስ ድስት ኢንዳክሽን ላይ ሲጣድ መሀሉ ቶሎ ይግላል፤ ዳሩ ይቀዘቅዛል። ሽንኩርቱ መሀል ላይ ያራል። ቂጡ ወፍራም የሆነ ድስት ይህን ያስተካክላል።

ሌላው የከፍታ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና አተር የሚያስቸግረው በዚህ ነው። ምድጃውን ማጋል ውሃውን አያሞቀውም፤ እንፋሎት ብቻ ያበዛል። ኤሌክትሪኩን በእውነት የሚቆጥበው እንፋሎት አምቆ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ነው፤ ብዙዎች ፕሬዠር የሚሉት። አንድ ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል፤ ቮልት ሲወርድም ቀስ ይላል እንጂ ሥራውን አይተውም። በደካማ መስመር ላይ ላለ ቤት ከትልቅ ኢንዳክሽን ይልቅ ይህን ማስቀደም ብልህነት ይመስለኛል።

ኢንዳክሽን በደካማ ቮልት ራሱን ያጠፋል። ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልትም ይጎዳዋል። መብራት ሲሄድ መንቀል ልማድ መሆን አለበት።

ጭስና አደጋ

ጋዝ ከከሰል ይሻላል፤ ከኤሌክትሪክ ግን አይሻልም። የጋዝ ነበልባል ሳንባ የሚያስቆጣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ወጥ ቤት ይከማቻል። ነጭ ጋዝን የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ ማብሰያ አይመክርም። ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል።

ከሰሉን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሲሊንደሩን የሸጠ ቤት መብራት ሲሄድበት ወደ ጋዝ አይመለስም። ወደ ከሰል ነው የሚመለሰው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በብርድ ምሽት ከሰል ቤት ውስጥ ይገባል። ለጤና ተብሎ የተጀመረው ለውጥ በጣም አደገኛው ነገር ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ክርክሩ

ወደ ኤሌክትሪክ በፍጥነት እንዙር የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ውሃው ዶላር አይጠይቅም። እያንዳንዱ የቀረ ሲሊንደር የቀረ የውጭ ምንዛሪ ነው።

የሚጠራጠሩት ደግሞ ግንቦት 2011ን ያስታውሳሉ። ያኔ የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ አገሩ በፈረቃ ነበር። ህዳሴ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይህን ስጋት በጣም አቅልሎታል። ቢሆንም በውሃ ላይ ብቻ መቆም ዝናብ ላይ መቆም ነው።

ሦስተኛው ድምፅ የፍትሕ ነው። ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኃይል እየተሸጠ የኛ ምጣድ ለምን ይበርዳል ይላል። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ወደ ኬንያ የሚሄደው ቢቆም ቱሉ ዲምቱ ያለ ምጣድ አይግልም። እዚያ የጎደለው ሜጋዋት ሳይሆን ትራንስፎርመርና ወፍራም ሽቦ ነው። መጠየቅ ያለበት ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ስንቱ ወደ ሰፈር መስመር ይመለሳል የሚለው ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይቅደም?

ከምድጃው በፊት ሽቦው ነው። ለአምፖልና ለሶኬት የተዘረጋ ሽቦ ላይ ምጣድና ስቶቭ አብሮ መጫን የለበትም። ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል፤ 2 ኪሎዋት ኢንዳክሽን ዘጠኝ ይጨምርበታል። ምጣዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ 4 ሚሊሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ዲቫይደር ላይ መሰካት የለበትም፤ ሶኬቱ ሲጠቁርና ፕላስቲክ ሲሸት ጊዜው አልፏል። ብሬከሩ እየወደቀ ካስቸገረ ትልቅ ብሬከር መቀየር መፍትሔ አይደለም። ትልቁ ብሬከር ዝም ይላል፤ ሽቦው ነው የሚቃጠለው።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል በራት ሰዓት ቮልቱን መለካት ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ መለኪያ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሁሉ አለ። ከ200 በላይ የሚቆይ ከሆነ ኢንዳክሽን ይሠራል። 180 እና ከዚያ በታች የሚወርድ ከሆነ ፕሬዠር ድስትና ተራ ስቶቭ ይበቃል፤ ምጣዱም ወደ ማለዳ ወይም ወደ ሥራ ቀን እኩለ ቀን ይዛወር።

ሲሊንደሩ ደግሞ ይቆይ። ለበዓል ዋዜማና መብራት ለሚሄድበት ምሽት ነው። ሳይነካ የተቀመጠ ሲሊንደር ግን ሳይጎዳ አይቆይም። ላስቲኩ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል። መስኮት ብቻ መክፈት አይበቃም፤ በሩም ይከፈት፤ ማብሪያ ማጥፊያም አይነካ። በወር አንዴ መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ማየት ነው። አረፋው ከተነፋ ያፈሳል።